ጉርሻ አይቆጠርም

እኛ ቤት ክረምት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈርሰው ራት ነው። የሌላ ሰው አጥር በጎርፍ ይወሰዳል፤ የእኛ አጥር ደህና ነው፤ ራታችን ግን ሐምሌ ሳይጋመስ ተንዶ ያልቃል። ሚስቴ መምህርት ናት፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጠመኔና ከደወል ታርፍና «እኔም ሰው ነኝ» ብላ ከምድጃው ፊት ትነሳለች። ልጆቹ ፀሐይ ሲሞቅ ይነቃሉ፤ ማን ምን እንደበላ፣ መቼ እንደበላ የሚያውቅ የለም። ሴት ልጄ ቆማ፣ ስልኳን እያየች፣ ፓስታ ከድስቱ ትበላለች። ወንዱ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ይዞ ይገባና «በልቻለሁ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ድንች ጥብስ፣ ትንሽ ቆይቶ ብስኩት፤ በመጨረሻ ልንተኛ ስንል «እንዴ፣ ዛሬ ራት የለም?» ብሎ እኛኑ ይቆጣል።

የጠየቀኝ የለም እንጂ የእኔ ይብስ ነበር። የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ክረምት ሲሆን ግንባታ ይቀዘቅዛል፤ ሚስማር የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ የሰፈሩ ባለሱቆች በሙሉ የምንገናኘው ሥጋ ቤት ነው። «ትንሽ እንቅመስ» ተብሎ ይገባል። አዳማ ውስጥ ሥጋ ቤት ገብቶ ትንሽ ቀምሶ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ቁርጡ ያልቃል፣ ጥብስ ይከተላል፣ ለጥብሱ ማውረጃ የሚባል ነገር ይታዘዛል። የሚገርመው፣ እዚያ ተቀምጠን የምናወራው ስለ ጤና ነው። አንዱ ጮማውን አዋዜ እያስነካ ስለ ደም ግፊቱ ይተርካል፤ ሌላው አፉ ሞልቶ «ኮሌስትሮል እኮ ዝም ብሎ ነው የሚገድለው» ይላል፤ ሁላችንም አንገታችንን በሐዘን እየነቀነቅን ቢላዋውን እንቀባበላለን። ቤት ስገባ ሚስቴ «በልተሃል?» ስትለኝ «ኧረ ምንም፣ ትንሽ ቀምሻለሁ» እላለሁ።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ቤተሰቡን ይዤ ላንጋኖ ወረድኩ። ዓሣ ጤና ነው ተብሎ ዓሣ አዘዝን። ዓሣው ጤና ሊሆን ይችላል፤ አብሮት በመጣው የድንች ጥብስ ክምር ተሸፍኖ ስለነበር ለመመስከር አልችልም። ከዚያ እንቁጣጣሽ ከነዶሮው መጣ፤ መስቀል ከነክትፎው ተከተለ። መስቀል ሲያልፍ ሱሪዬ አልቆለፍ አለኝ። ታጥቦ ነው የጠበበው ብዬ ለሚስቴ አስረዳኋት።

«ሁሉም ሱሪዎችህ ባንዴ ነው የታጠቡት?» አለችኝ።

መልሴ ዝግጁ ነበር። «ከሰኞ ጀምሮ» አልኩ።

ይህ ሰኞ የቤተሰባችን ቅርስ ነው። እኔ ከሰኞ ጀምሮ እሮጣለሁ፤ ሴት ልጄ ከሰኞ ጀምሮ ጣፋጭ ታቆማለች፤ ወንዱ ከሰኞ ጀምሮ አትክልት ይበላል፤ ሚስቴ ራሷ ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ እንጀራ አትነካም። ሰኞ ግን እኛ ግቢ በር ድረስ መጥቶ ይመለሳል እንጂ ገብቶ አያውቅም። አንድ ቀን እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ሰምታ፣ «ይኼ ሰኞ የምትሉት ዘመዳችሁ የት አገር ነው የሚኖረው?» ብላ ጠየቀችን።

እናቴን ገና አላስተዋወቅኋችሁም፤ ሥጋ ቤቱ ቀደመብኝ። የመጣችው በዚሁ ክረምት ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ወለንጪቲ ብቻዋን ትኖር ነበር። ስኳር አለባት። ነይ ስላት «ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ?» ትላለች፤ በሰኔ መጨረሻ ግን ጎረቤቷ ደወለችና «እናትህን ጓሮ ወድቃ አገኘኋት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የነገረኝ አጭር ነገር ነበር። መድኃኒቷን ከዋጠች መብላት አለባት፤ በሰዓቱ፣ በልኩ። ብዙ ከበላች ስኳሯ ይወጣል። ኪኒኑን ውጣ ሳትበላ ከቀረች ደግሞ ይወርዳል፤ መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል፣ ሰው ካልደረሰላት ሊገድላት ይችላል። ብቻዋን ሳለች ቢወርድባት ማን ያነሳታል? ዶሮዎቹን ለጎረቤቷ አስረክቤ፣ እሷን ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ አመጣኋት።

እሷ ግን «ለመከር እመለሳለሁ» ብላ ነው የመጣችው። ጓዟን በገመድ እንደታሰረ አልጋዋ ሥር አስገባችው። ሚስቴ ቁም ሳጥን ባዶ አድርጋ ብትሰጣትም አልፈታችውም። ሁልጊዜ ማታ ወደ ክፍሏ ስገባ መጀመሪያ የማየው ያንን ቋጠሮ ነበር።

ክረምቱን እንዳለ እንዲሁ አለፍነው። ከመስቀል በኋላ ግን ሚስቴ ተነሳች። የምታስተምረው ሥነ ሕይወት ነው፤ ትምህርት ሲከፈት ክፍሏን ሥርዓት እንደምታስይዝ ቤቱንም አስያዘችው። ሰኞን አልጠበቀችም። ሐሙስ ጀመረች፤ ብልህነቷ እዚህ ላይ ነው። ከሱቅ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አምስት ሰሃን ተደርድሯል።

«ትሪው የታለ?» አልኳት።

«ተሰቅሏል።»

እውነትም ተሰቅሏል። ለሠርጋችን የተሰጠን፣ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀምጠን የምንበላበት ትልቁ ትሪ ማድቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር ተመቶለት ተንጠልጥሏል። ሚስማሩ ከእኔው ሱቅ ነው።

«በአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም» ብላ ገለጸችልን፣ ቆማ፣ እጇን አጣምራ። «አንተ ሁለት ሰው ያህል ትበላለህ፤ እማዬ ወይ ይበዛባቸዋል ወይ ያንሳቸዋል። የእሳቸው ሕመም ግምት አይወድም። ከእንግዲህ ለየራሳችን ሰሃን፣ ለየራሳችን ልክ። ራት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስልክ የለም። ስኳርም ቤት ውስጥ የለም።»

ስኳሩን ለጎረቤት ሰጥታዋለች። የወንጂ ሸንኮራ አፍንጫችን ሥር እየተወዛወዘ፣ እኛ ቤት ሻይ እንደ መድኃኒት የሚጠጣበት ዘመን መጣ።

መስፈሪያው ጭልፋ ነው። ሽሮ አንድ ጭልፋ፣ ጎመን ሁለት፣ እንጀራ ግማሽ፣ ቀይ ሥር ማንም ስለማይፈልገው የፈለገውን ያህል። የእናቴ ሰሃን ለብቻው ተጠንቶ ነው የሚሠራው፤ የገብስ እንጀራ፣ ወፈር ያለ ምስር፣ ጎመን፣ በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላል። ሴት ልጄ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። ክረምቱን ሙሉ ስልኳ ላይ ስለ ጤና የሚሰብኩ ሰዎችን ስትከታተል ነው የከረመችው፤ ፓስታውን ከድስቱ እየበላች መሆኑ ነው። አሁን ጊዜዋ ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ቆስጣና ኪያር ከዝንጅብል ጋር ፈጭታ አንድ አረንጓዴ ነገር ታጠጣን ጀመር። ስሙ ዲቶክስ ነው አለች። እኔ ግቢያችን ውስጥ ላለው ፓፓያ አጠጣው ነበር፤ ፓፓያው እስካሁን ደህና ነው።

የመጀመሪያው ራት ላይ የማኘክ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። እጅ ከእጅ አይጋጭም፤ «በዚህ በኩል ብላ፣ ይኼ ይሻላል» የሚል የለም፤ ከፊቴ ያለውን ወጥ ወደ ልጄ ልግፋ ብል ልጄ ሌላ አገር ነው ያለው። እናቴ ሰሃኗን አየችው። አዞረችና ደግሞ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም፣ እማዬ። ለጤናሽ ነው።»

«እኛ ዘንድ ለብቻው የሚቀርብለት በሽታው የሚጋባ ሰው ነው።»

ሚስቴ ሰማችና ደነገጠች። «ኧረ እማዬ፣ በሞትኩት፣ እንዲህ አይበሉ! ለሁላችንም እኮ ነው። ይኸው እኔም ለብቻዬ ነው የያዝኩት።»

«እሱስ እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አለች እናቴ። «ሁላችሁም ታማችኋል።» አማተበችና መብላት ጀመረች።

የሱቅ ጎረቤቶቼ ዜናውን ሲሰሙ በሳቅ ሞቱ። ማምሻውን «ትንሽ እንቅመስ» ብለው ሲመጡ «አንድ ሰዓት ላይ ራት አለብኝ» እላለሁ። «አለብኝ ነው ወይስ አለኝ?» ይላል አንዱ። «ጭልፋ ስንት ደረሰ?» ይላል ሌላው። እኔ ግን እውነቴን ነው የምለው፣ ጨከንኩ። ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ሳልፍ አንገቴን አዞራለሁ። ግማሽ እንጀራዬን ግማሽ ብዬ እበላለሁ። ጎመኔን ሰሃኑ ዳር አሰልፌ ቆይቼ ቆይቼ እውጠዋለሁ። ሆዴ ግን ንቅንቅ አላለም። ሱሪዬ ያው ነው። ሚስቴ በጥርጣሬ ታየኛለች፤ ሱቅ ውስጥ የምበላው ነገር እንዳለ ለማወቅ ሳትነግረኝ ሁለት ጊዜ ሚስማር ልትገዛ መጣች።

የቤቱ ተሸላሚ ተማሪ እናቴ ሆነች። ሰሃኗ ሁልጊዜ ማታ ታጥቦ እንደተቀመጠ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ሚስቴ ሰሃኑን ከፍ አድርጋ ታሳየናለች። «አያችሁ? በዚህ ዕድሜያቸው ለውጥ የተቀበሉት እሳቸው ብቻ ናቸው! አንተስ? ያ ጎመን ፊትህ ተቀምጦ ሊያድር ነው።» እናቴ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች። ሚስቴን በእርግጥ ታከብራታለች፤ ግን በእናቴና በሚስቴ መካከል ሁልጊዜም አንድ ወንበር ያህል ርቀት ነበር። አንዷ «እርስዎ» ሌላዋ «ልጄ» እየተባባሉ፣ ሳይጣሉም ሳይጠጋጉም ብዙ ዓመት ኖረዋል።

አሁን፣ ለሚስቴ ያልነገርኳት አንድ ነገር ነበር። ደብቄ አይደለም፤ ስላልቆጠርኩት ነው። ሚስቴ ውኃ ልታመጣ ወደ ማድቤት ዞር ስትል የእናቴ እጅ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ይላል፤ በእጇ ላይ በደንብ የተጠቀለለ ጉርሻ አለ። «ኢልመ ኮ፣ ኛዱ» ትለኛለች፤ ልጄ፣ ብላ ማለቷ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስታጎርሰኝ በኦሮምኛ ነው። የእናት ጉርሻ እምቢ ይባላል? እጎርሳለሁ። «አንድ ያጣላል» ትላለች፤ ይኼ አገር የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ይመጣል። ሦስተኛው ሲመጣ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።

ጉርሻ ደግሞ ምግብ አይደለም። ይህን የምለው አሁን ለማስተባበል አይደለም፤ ያን ጊዜ ከልቤ አምኜበት ነበር። ምግብ ማለት በራስህ እጅ፣ ከራስህ ሰሃን፣ አስበህ የበላኸው ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ፍቅር በጭልፋ አይሰፈርም። አንድ ሰው ሠርግ ሄዶ ሃያ ሰው አጉርሶት ተመልሶ «ዛሬ ምንም አልበላሁ» ቢል እዚህ አገር የሚስቅበት የለም። ደግሞም በልቤ ኮራሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው መርጣ የምታጎርሰው እኔን ብቻ ነው ብዬ ነው። ባለ ሱቅ ሆኜ፣ ባለ ቦርጭ ሆኜ፣ ያው የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነኝ።

ጥቅምት ገባ። እናቴ ከሳች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፋ፤ የጋብቻ ቀለበቷ ልብስ ስታጥብ ከጣቷ ወልቆ ሳፋው ውስጥ ፈለግነው። ሚስቴ ደስ አላት፤ «ክብደት እየቀነሱ ነው፣ ስኳሩ እየተስተካከለ ነው!» ሴት ልጄ ደግሞ «አኮ፣ ሞዴል መሰልሽ እኮ!» ትላታለች፤ ልጆቹ አኮ ነው የሚሏት፣ አያቴ ማለታቸው ነው። እኔም አብሬ ደስ አለኝ። የስኬታችን ምልክት መሰለኝ። እናቴ ግን ማምሻውን ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ነፋሱን እያዳመጠች፣ «ጤፉ ደርሷል» ትላለች። «የወለንጪቲ ሚኒባስ ጠዋት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚጭነው?» ትላለች። ያላወቅሁ መስዬ ወሬ እቀይራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጆቹ ትምህርት ስለሌላቸው ተኝተዋል። እናቴ እንደ ልማዷ ማልዳ ተነስታ፣ ጸልያ፣ ኪኒኗን ውጣለች። ቅንጬዋ ተሠርቶ ተከድኖላታል። ሚስቴ «ይብሉ እንጂ» ብትላት «ልጆቹ ይነሱና አብረን እንበላለን» አለቻት። ሚስቴ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። እኔ ሱቅ ለመክፈት ስወጣ እናቴን ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የጥቅምት ብርድ እያለ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብላ አየችኝና በአባቴ ስም ጠራችኝ።

«በሬዎቹ ገቡ?» አለችኝ።

ጮህኩ እንጂ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ሚስቴ እርጥብ ልብስ በእጇ እንደያዘች መጣች፣ አንድ ጊዜ አየቻትና፣ «ወርዶባቸዋል! ስኳር! ስኳር አምጡ!» አለች። በጩኸቴ ከነቁት ልጆች ጋር ሁላችንም ወደ ማድቤት ሮጥን። ሮጠን ስንደርስ ነው ስኳር እንደሌለን ያስታወስነው። ልጄን ወደዚያች ስኳሩን የወሰደች ጎረቤት ላክነው፤ ገበያ ሄዳለች፣ በሩ ተቆልፏል።

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወንዱ ልጄ ወደ ክፍሉ ሮጠና ከፍራሹ ሥር አንድ ከረጢት ሙሉ ከረሜላ ይዞ ወጣ። ሴቷ፣ የዲቶክሷ ሴት፣ ከመጽሐፍ ቦርሳዋ ቸኮሌት አወጣች፤ ገና ያልተከፈተም፣ የተነከሰም። እኔ ሳላስበው እግሬ ወደ ግቢው ዕቃ ቤት ወሰደኝ፤ ከበሩ ኋላ በሚስማር ካርቶን ውስጥ ክሬም ያለው ብስኩት አስቀምጫለሁ፤ ይዤው መጣሁ። ሦስታችንም የየራሳችንን ኮንትሮባንድ ይዘን ቆምን። ሚስቴ አየችን። ያ አስተያየት ተማሪን ከክፍል የሚያስወጣ ነው። «ይሄን ሁሉ ማኘክ ይችላሉ እንዴ? ይታነቃሉ!» አለችና ወደ መኝታ ቤት በረረች። ስትመለስ በእጇ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይዛለች። ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ነው። ግማሹ ተጠጥቷል።

ሚስቴ ተንበርክካ፣ የእናቴን ራስ ደግፋ፣ ጥቂት በጥቂት አጠጣቻት። እኔ የእናቴን እግር ይዤ ነበር፤ የሚቀዘቅዝ መስሎኝ አጥብቄ ያዝኩት። ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። ቆይቶ ዓይኗ ተመለሰ። ዙሪያዋን አየችን፤ ከረሜላውን፣ ቸኮሌቱን፣ ብስኩቱን፣ ጠርሙሱን።

«በዓል ነው እንዴ?» አለች።

በባጃጅ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ሁላችንም ተጨናንቀን፣ ወንዱ ልጄ ጭኔ ላይ ሆኖ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የእናቴን ጣት ወግታ ለካች፤ ካርዱን አየችና «ትናንት ማታ ምን በሉ?» ብላ ጠየቀች። ሚስቴ ይህንን ጥያቄ ስትጠብቀው ነው የኖረችው። በጭልፋ በጭልፋ ዘረዘረችላት።

«በልተውታል?»

«ሰሃናቸው ባዶ ነው የተመለሰው። ሁልጊዜም ባዶ ነው» አለች ሚስቴ፣ አሁንም ትንሽ ኩራት አለባት።

«እማማ፣ እውነት በልተዋል?»

እናቴ ውሸት አትችልም። ጣሪያውን አየችና «ሰሃኑስ ባዶ ነበር» አለች።

ከዚያ ወንዱ ልጄ «እኔን ትናንት አጉርሳኛለች» አለ። «ሁለቴ።»

ዞር ብዬ አየሁት። እሱንም ታጎርሰው ኖሯል? ሴት ልጄ በተራዋ ነጠላዋን እየጠቀለለች፣ «እኔንም… ሁልጊዜ። ስላዘነችልኝ መስሎኝ ነው። ጉርሻ እኮ አይቆጠርም» አለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሦስት መሆኑን ስናገር ድምፄ እንደ ተማሪ ቀጠነ። ከሁላችን በኋላ ሚስቴ ቀረች። ፊቷ ቀላ። «እኔን ማድቤት ድረስ እየመጡ ነው» አለች ቀስ ብላ። «‹ደክሞሻል› ይሉኛል። ‹አንድ ያጣላል› ይሉኛል። እምቢ ማለት… አማቴ ናቸው፤ እንዴት እምቢ ልበላቸው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እያንዳንዳችን የተመረጥን መስሎን፣ እያንዳንዳችን በልባችን ኮርተን፣ አራት ሆነን አንዲት አሮጊት ሰሃን ስንልስ ከርመናል። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ታዲያ ለእሳቸው ምን ተረፈ?» አለች።

በእኛ ፋንታ እናቴ መለሰች። ስትናገር አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። እኔ ወለንጪቲ ብቻዬን በልቼ ብቻዬን ወደቅሁ። እዚህ አመጣችሁኝና ሰሃን ሰጣችሁኝ። ፊት ለፊቴ ናችሁ፤ ግን አብራችሁኝ አትበሉም። ሰው መብላቱን የማውቀው በእጄ ባጎርሰው ነው። እንጀራው ምን ያደርግልኛል፣ ከፍትፍቱ ፊቱ።» ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «ብቻዬን የምበላ ከሆነ በቤቴ እበላለሁ። ዶሮዎቼም አሉ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

ሐኪሟ እንዳትሄድ ለመነቻት። ሰው አጠገቧ ካልኖረ፣ ኪኒኗን ውጣ በሰዓቱ ካልበላች፣ የዛሬው እንደሚደገም፣ በሚቀጥለው ለስላሳ የሚያቀምሳት እንደማይገኝ ነገረቻት። ለእኛም «እንዴት እንደምትመግቧቸው የእናንተ ፋንታ ነው፤ ብቻ የራሳቸው ድርሻ በራሳቸው ሆድ ይግባ» አለችን። እናቴ «እግዜር ይስጥሽ» ብላ ተነሳች። ቤት ስንደርስ ቀጥታ ወደ ክፍሏ ገብታ ጓዙን ከአልጋው ሥር ጎተተችና ሳሎኑ በር አጠገብ አስቀመጠችው። እኔ እየለመንኳት ቆየሁ። ልጆቹ እግሯ ሥር ተቀመጡ። ወለንጪቲን ያህል ቅርብ አገር እንደዚያን ቀን ርቆብኝ አያውቅም።

ሚስቴ አልለመነችም። ማድቤት ገብታ ተዘጋች። አኩርፋ ነው ብዬ ተውኳት። ማምሻው ላይ አንድ ሰዓት ሲደርስ ከማድቤት የብረት መንቀጭቀጭ ሰማሁ፤ ከዚያ ትሪውን በሁለት እጇ ተሸክማ ወጣች። ሰሃኖቹ የሉም። ትሪው ላይ የተዘረጋው የገብስ እንጀራ ነው፤ ምስሩ መሐል ላይ፣ ጎመኑ ዙሪያውን፣ አምስት የተቀቀለ እንቁላል። የእናቴ ምግብ፤ ለሁላችንም።

«እኔም ይሄን ነው የምበላው?» አለ ወንዱ ልጄ።

«አንተም፣ አባትህም፣ ሁላችንም። ቅረቡ።»

ቀረብን። እጅ ከእጅ ተጋጨ፤ ልጄ ከእኔ ድንበር ገብቶ ሲበላ «ከፊትህ ብላ» አልኩት፣ እንዲህ ብዬ ከተቆጣሁ ቆይቷል። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ታጠበች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ምስሩን በጎመን ጠቅልላ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። አፌ፣ እኔ ምን ላድርገው፣ ለብቻው ተከፈተ።

ሚስቴ የእናቴን አንጓ ያዘችው። ቀስ ብላ ነው የያዘችው፤ ግን ያዘችው። በዕድሜዬ አማቷን እንደዚያ ስትነካ አይቻት አላውቅም።

«እማዬ» አለች፣ «እዚህ ቤት ሕጉ ተቀይሯል። ከዛሬ ጀምሮ ጉርሻ ይቆጠራል። የሚያጎርስ ሰው መጀመሪያ ይጎርሳል።»

በሌላ እጇ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ወደ እናቴ አፍ ዘረጋችው። እናቴ ጉርሻውን አየችው፣ ቀጥላ ሚስቴን አየቻት። ይህን ሁሉ ዓመት አጉርሳ እንጂ ከምራቷ እጅ ጎርሳ አታውቅም። አማት ታጎርሳለች፣ ምራት ትጎርሳለች፤ እንዲህ ነበር የኖርነው። እምቢ ብትላት ነገ ጠዋት በገዛ እጄ ሚኒባስ ላይ እንደማሳፍራት ታወቀኝ።

እናቴ አፏን ከፈተች።

«አንድ ያጣላል» አለች ሚስቴ፣ እንባዋ እየመጣ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች። ከዚያ ሴት ልጄ አጎረሰቻት፤ ወንዱም ጎመኑ እየተበታተነበት አጎረሳት፤ እኔም ተራዬ ደረሰ። እናቴ ጉንጯ አብጦ «ኧረ በቃ፣ ልትገድሉኝ ነው እንዴ!» እያለች ትጎርሳለች። ሚስቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች።

ትሪው ሲጋመስ ዓይኔ በር አጠገብ ወዳለው ጓዝ ሄደ። ገመዱ እንደታሰረ ነው። መጠየቅ አልፈለግሁም፤ ሳልጠይቅ መቀመጥም አቃተኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ታዲያ ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»

ጓዟን አየችው። ወንዱ ልጄ ሌላ ጉርሻ ይዞ ተራውን ሲጠብቅ አየችው። አኝካ እስክትውጥ ሁላችንም እጃችንን ትሪው ላይ እንዳደረግን ጠበቅናት።

«ነገ እንኳ ይቅር» አለች። «ሰኞ እሄዳለሁ።»